የመጠጥ ፈቃድ የማን ንብረት ነው?

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ርእሳችን መጠጥ ነው ሲባል ከኋላ የተቀመጡት ፈገግ ማለታቸውን አያለሁ። ነገር ግን የምናገረው ስለ ብርጭቆው ሳይሆን፣ መጠጡን ለመሸጥ ስለሚሰጠው ወረቀት ነው።

በአሜሪካ የመጠጥ ክልከላ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1933 ዓ.ም. ሲነሣ፣ የማሳቹሴትስ ግዛት ምክር ቤት ለከተሞች የመጠጥ ፈቃድ ቁጥር ወሰን አበጀለት። የቦስተን ከተማ ከወሰኑ በላይ ልትሰጥ ብትሻ ያንኑ ምክር ቤት መለመን ግድ ሆነባት። ፈቃዱ ጥቂት ከመሆኑም በላይ ከሰው ወደ ሰው ይሸጥ ስለ ነበር ዋጋው ናረ፤ አንዱ ፈቃድ እስከ 600,000 ዶላር ደረሰ። ይህን ያህል ገንዘብ የሚያወጣ ነጋዴ ቤቱን የሚከፍተው ባለ ገንዘብ በሚመላለስበት ሰፈር ነው። ጥቁሮችና መጤዎች የሚበዙባቸው እንደ ሮክስበሪና ማታፓን ያሉት ሰፈሮች ግን ፈቃድ ተራቡ። ምግብ ቤት ከወጡ ይልቅ በመጠጡ እንደሚያተርፍ ደግሞ ሒሳብ የያዘ ሁሉ ያውቀዋል።

በሴፕቴምበር 2024 ዓ.ም. በተፈረመው ሕግ 225 አዲስ ፈቃድ ተጨመረ። አብዛኛው ለ13 የፖስታ ቀጠናዎች የተመደበ ነው፤ ባለቤቱ ሊሸጠው አይችልም፤ ቤቱ ሲዘጋ ፈቃዱ ወደ ከተማው ይመለሳል።

«ፈቃድ ሲበዛ ስካርም ይበዛል» የሚሉ አሉ። ፍርሃታቸው ከንቱ አይደለም። ደመወዙን ጠጥቶ የሚገባ አባት የልጆቹን እራት ጠጥቶ እንደሚገባ እናውቃለን። ይሁን እንጂ 600,000 ዶላር የከፈለ ሰው ፈቃዱን እንደ ርስቱ ይሟገትለታል። የከተማው ንብረት የሆነውን ፈቃድ ግን፣ ባለቤቱ ሰዓት ቢያሳልፍ ወይም ለልጆች ቢሸጥ፣ መንጠቅ ይቀላል። ስለዚህ መብቱም ቁጥጥሩም የሚጠበቀው ፈቃዱ ሸቀጥ ሳይሆን አደራ ሲሆን ነው።

ጓደኞቼ ሆይ፤ እኛም ጠላና ጠጅ በየቤቱ የሚጠመቅበት አገር ልጆች ነን። ነገ ከመካከላችን በማዘጋጃ ቤት ወንበር የሚቀመጥ አይጠፋም። ያን ጊዜ «ስንት ፈቃድ እንስጥ?» ከማለቱ በፊት «ለማን? በየትኛው ሰፈር? ቤቱ ሲዘጋስ ፈቃዱ ለማን ይመለስ?» ብሎ ይጠይቅ። ይህን ሳይጠይቁ ቁጥር ብቻ መጨመር በጠገበ ሰው ማዕድ ላይ እንጀራ መደረብ ነው።