ሸምቶ አዳሪ ነፃ ሰው ነው ወይ?

(በአንድ የንባብ ክበብ ለተሰበሰቡ ወጣቶች ከተደረገ ንግግር የተወሰደ)



እኔ ባደግኩበት ገጠር «ሸምቶ አዳሪ» ሲባል ሙገሳ አልነበረም። የራሱ ጎተራ የሌለው፣ የክረምት ቀለቡ በሌላ ሰው እጅ ያለ ማለት ነበር። ዛሬ ከተሜው ሁሉ ሸምቶ አዳሪ ነው፤ ይህ በራሱ ነውር አይደለም። የሚገርመኝ ሸመታው ራሱ «ነፃነት» የሚል ስም የወጣለት መሆኑ ነው። «ያሻህን ትገዛለህ፣ ያሻህን ትለብሳለህ፤ ከዚህ በላይ ምን አማረህ?» እንባላለን።

መቼም ይህን አባባል በቀላሉ የሚንቅ ሰው የደርግን ዘመን ያላየ ነው። እኛ አይተናል። ስኳሩም ሳሙናውም በቀበሌ ሱቅ፣ በካርድ፣ በሰልፍ ነበር። እናቴ ሌሊት ወጥታ ወረፋዋ ላይ ድንጋይ ታስቀምጣለች፤ ድንጋዩ እሷን ወክሎ ይሰለፋል። ባለ ሱቁ ቢቆጣ፣ ቢያመናጭቅ፣ ማን መልስ ይሰጠዋል? ካርዱም ማኅተሙም ከአንድ ቤት ነዋ የሚወጡት! ስለዚህ በ1983 ዓ.ም. ደርግ ወድቆ ሱቁ ሲሞላ እፎይ ባለ ሰው አይፈረድም። ለአንድ ኪሎ ስኳር አለመጎንበስ ነፃነት ነው። ግን ቁራጯ ናት እንጂ ሙሉዋ አይደለችም።

በየኪሳችን ያለውን ሞባይል እንይ። አገራችን የገባው በ1991 ዓ.ም. ነው። መጀመሪያ የሀብታም ጌጥ ነበር፤ ኋላ ሁላችንም ገዛነው። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ የጽሑፍ መልእክት ተዘጋና ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ በሚሊኒየሙ ዋዜማ ተከፈተ። በዚያ ጊዜ የሞባይል ሱቅ ተዘግቶ ነበር እንዴ? ኧረ ምን ሲደረግ! ታጣፊውም ባለ ካሜራውም እንደ አቅምህ ነበር። ቀፎውን አማርጠህ ትገዛለህ፤ «እንዴት አደርክ» ብለህ መጻፍ ግን አትችልም። በጥቅምት 1998 ዓ.ም. የግል ጋዜጦች ሲዘጉ፣ አዘጋጆቻቸውም ሲታሰሩ ቡቲኩ ሁሉ ክፍት ነበር።

የትግራይ ወገኖቻችን ደግሞ የባሰውን አዩ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በተጀመረው ጦርነት ስልኩ ተቆረጠ፣ ባንኩ ተዘጋ። በደብተሩ ላይ ገንዘብ እያለው የሚበላው ያጣ ሰው ነበር። መግዛት መቻል እንኳ በራሱ እግር አይቆምም ማለት ነው፤ ሌላው መብት ሲወድቅ ተከትሎ ይወድቃል።

በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ሸማቹን ምን እንደሚለው ታውቃላችሁ? አማርጠህ ግዛ፤ ዋጋ ተከራክረህ ሳትገዛ ብትሄድ የሚያስገድድህ የለም፤ ነጋዴውም በትሕትና ይቀበልህ ይላል። ደግ ሕግ ነው። ያው ሰው ከሱቁ ወጥቶ ጉዳይ ሊያስፈጽም አንዱ ቢሮ ሲገባ ግን ማን በትሕትና ይቀበለው? እዚያ ሸማች አይደለማ፤ ዜጋ ብቻ ነው!

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። በመንግሥት ብቻ ማሳበብ ቀላል ነው። ከዓመታት በፊት በአንድ መሥሪያ ቤት ስሠራ አንድ ባልደረባችን ያለ አግባብ ተባረረ። አቤቱታ ተጽፎ ለፊርማ ዞረ። እኔ ያኔ ዕቁብ ቀድሞ ወጥቶልኝ በብሩ ትልቅ ቴሌቪዥን ገዝቻለሁ፤ የቀረኝን ዕጣ በየወሩ መክፈል አለብኝ። ደመወዜ ከቆመ ዕቁቡን በምን እከፍላለሁ? ዳኛው ዋሴን ይይዘዋል፣ ሰፈር ውስጥ አንገቴን እደፋለሁ። ወረቀቱ ጠረጴዛዬ ላይ ሲደርስ «ነገ አየዋለሁ» አልኩ። አልፈረምኩም። ማንም አላስፈራራኝም፤ ካድሬ መጥቶ አልዛተብኝም። ያስፈራኝ ቴሌቪዥኑ ነው። በገዛ ምርጫዬ፣ በገዛ ብሬ፣ አማርጬ የገዛሁት!

ዛሬ እናንተ ዕቁብ እንኳ ሳትጠብቁ በስልካችሁ ትበደራላችሁ። መበደር ኃጢአት ነው አላልኩም። የሶፋ፣ የሰርግ፣ የስልክ ዕዳ የተደራረበበት ሰው አለቃው ጉቦ ሲበላ እያየ አፉን ይከፍታል ወይ? ነው ጥያቄዬ። አንዳንዱ ይከፍታል። እኔ አልከፈትኩም።

ያንን ባልደረባዬን ቆየት ብዬ መርካቶ አገኘሁት። ጫማ እየተከራከረ ነበር። ሳመኝ፣ ልጆቼን ጠየቀኝ። ስለ ፊርማው አላነሳም። እኔም አላነሳሁም። ቴሌቪዥኑ ያኔ ተበላሽቶ ቆጥ ላይ ነበር።

የያዝኩት ይኸው ነው። ከኋላ እጇን ያወጣችው ልጅ ትቅደም።