በሚዛን የሚበላ ምግብ፤ የሚጥል በሽታ ላለባቸው ሕፃናት



የሞተርን ነዳጅ መለወጥ ለዚህ ማኅበር አባል እንግዳ ነገር አይደለም። የሰው አንጎልም ነዳጁን ሊለውጥ ይችላል ቢባል ግን የሚጠራጠር ይኖር ይሆናል። ይሁን እንጂ መቶ ዓመት ያለፈው አንድ የሕክምና ዘዴ የቆመው በዚሁ ሐሳብ ላይ ነው፤ ይኸውም የሚጥል በሽታ ያለባቸውን ሕፃናት በምግብ ማከም ነው።

ነገሩ የተጀመረው ከጾም ነው። እ.ኤ.አ. በ1921 ዶክተር ጋይሊን የተባሉ የኒው ዮርክ ሐኪም፣ ሕሙማን ምግብ በተከለከሉ ጊዜ በሽታው ጋብ እንደሚል ለአሜሪካ ሐኪሞች ጉባኤ አስረዱ። ሕፃን ልጅ ግን ሁልጊዜ ሊጾም አይችልም። በዚያው ዓመት በሜዮ ክሊኒክ የነበሩት ዶክተር ራስል ዋይልደር መላ አገኙ። የጾመ ሰውነት የሚያቃጥለው የራሱን ስብ ስለሆነ፣ ስብ እያበሉ የጾሙን ሁኔታ ማቆየት ይቻላል አሉ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ የሙያ ባልደረባቸው ዶክተር ፒተርማን መጠኑን ወሰኑ፤ ለያንዳንዱ ኪሎ የሰውነት ክብደት 1 ግራም ፕሮቲን፣ በቀን ከ10 እስከ 15 ግራም ካርቦሃይድሬት፣ የቀረው ሁሉ ስብ።

አንጎል በተለመደው ጊዜ የሚሠራው በግሉኮስ ነው። ግሉኮስ ሲያጥር ጉበት ስቡን ኬቶን ወደሚባሉ ንጥረ ነገሮች ይለውጠዋል፤ አንጎልም እነዚህን ያቃጥላል። ይህ የነዳጅ ለውጥ በሽታውን ለምን እንደሚያስታግሥ ሊቃውንቱ ብዙ ምክንያት ይሰጣሉ እንጂ በአንዱ ላይ አልተስማሙም። በአንድ ሕመም ግን ምክንያቱ ግልጽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 በታወቀው የግሉኮስ አስተላላፊ ጉድለት፣ ስኳር ወደ አንጎል የሚገባበት በር ጠባብ ሆኖ ይገኛል፤ ኬቶን ግን በሌላ በር ያልፋል።

ስሌቱ እንዲህ ነው። በተለመደው የ4 ለ1 መጠን፣ ለ4 ግራም ስብ ፕሮቲኑና ካርቦሃይድሬቱ ተደምረው 1 ግራም ይሆናሉ። ስብ በግራም 9 ኪሎ ካሎሪ፣ ሌሎቹ 4 ስለሚሰጡ፣ 36 እና 4 ተደምሮ 40 ይመጣል፤ ከመቶ 90 እጅ ጉልበት ከስብ ነው ማለት ነው። በቀን 1200 ኪሎ ካሎሪ የታዘዘለት 18 ኪሎ የሚመዝን ልጅ 120 ግራም ስብ ይበላል። ከቀረው 30 ግራም 18ቱ ለፕሮቲን ሲሰጥ፣ ለካርቦሃይድሬት የሚተርፈው 12 ግራም ብቻ ነው። ይህም በጤፍ ዱቄት ቢታሰብ 16 ግራም ያህል፣ በእንጀራ ቢሆን ከጥቂት ጉርሻ አያልፍም፤ ለቀኑ ሙሉ!

ከዚህ የተነሣ ሥራው ሁሉ በጓዳ ይወድቃል። እናት ቅቤውን፣ ክሬሙን፣ እንቁላሉን ግራም በግራም ትመዝናለች። ሰሐኑ ላይ የቀረው ቅባት ተጠርጎ መበላት አለበት፤ አለዚያ መጠኑ ይፋለሳል። ጎረቤት በደግነት የሰጠው አንድ ከረሜላ የሳምንታትን ድካም ሊያበላሽ ይችላል። ለትኩሳት የሚታዘዝ ሽሮፕም ስኳር አለበት። ወንድምና እኅት ዳቦ ሲቆርሱ አጠገባቸው ተቀምጦ የሚያየው ልጅ ሸክም በግራም አይለካም።

እ.ኤ.አ. በ1938 ፌኒቶይን የተባለው መድኃኒት መጣ። ክኒን መዋጥ ቅቤ ከመመዘን ስለሚቀል ምግቡ ቀስ በቀስ ተረሳ። በመድኃኒቱ ብዙዎች ድነዋልና መምጣቱ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ከሦስት ሕሙማን አንዱ ያህል በመድኃኒት ብቻ አይታገሥለትም፤ ለእነዚህ የቀድሞው ዘዴ በመደርደሪያ ላይ አቧራ ሲጠጣ መቆየቱ ያሳዝናል። እ.ኤ.አ. በ1993 የፊልም አዘጋጁ የጂም አብርሃምስ ሕፃን ልጅ ቻርሊ በዚህ በሽታ ተያዘ። ብዙ መድኃኒትና የአንጎል ቀዶ ሕክምና ተሞክሮ አልረዳውም። አባትየው ስለ ምግቡ ያወቁት ራሳቸው መጻሕፍት ሲያገላብጡ ነው። ልጁን ወደ ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ወሰዱት፤ በጥቂት ቀናት ውስጥም ሕመሙ ቆመለት። አባትየው በልጁ ስም ድርጅት አቋቋሙ፤ በ1997ም ሜሪል ስትሪፕ የተጫወተችበትን ፊልም ሠሩ።

የአንድ ልጅ መዳን ማስረጃ አይሆንም የሚል መሐንዲስ ልክ ነው። ስለሆነም እ.ኤ.አ. በ2008 በለንደን የታተመው ጥናት ሊጠቀስ ይገባል። በዚህ ጥናት ቢያንስ ሁለት መድኃኒት ያልረዳቸው 145 ልጆች በዕጣ ተከፈሉ። ከሦስት ወር በኋላ ምግቡ ከተሰጣቸው 73 ልጆች በ28ቱ የሕመሙ ብዛት ከግማሽ በላይ ቀነሰ፤ ሳይሰጣቸው ከቆዩት 72 ልጆች ግን እንዲህ ያለ ለውጥ የታየው በ4ቱ ብቻ ነበር።

ይህን ሰምቶ በቤቱ ልሞክር የሚል ወላጅ ግን ልጁን ለአደጋ ያጋልጣል። የሆድ ድርቀት፣ የኩላሊት ጠጠር፣ የዕድገት መዘግየት ይከተላል። ሰውነታቸው ስብ ማቃጠል የማይችል ሕፃናትም ስላሉ፣ ለእነርሱ ምግቡ ገዳይ ሊሆን ይችላል። የደም ምርመራ ይቅደም፤ ቪታሚንና ካልሲየም ይጨመር፤ ሐኪምና የምግብ ባለሙያም ልጁን ይከታተሉት። መድኃኒቱንም ወላጅ በራሱ ሥልጣን አያቋርጥም።

ምግቡ የዕድሜ ልክ ፍርድ አይደለም። ልጁ ከተሻለው፣ ሁለት ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ ሐኪሙ መጠኑን ከ4 ለ1 ወደ 3 ለ1፣ ከዚያም ወደ 2 ለ1 ዝቅ ያደርገዋል። በሽታው ካልተመለሰ ዳቦው እየተመዘነ፣ በጥቂት በጥቂቱ፣ ወደ ሰሐኑ ይመለሳል።