የእንቁጣጣሽ ሳሙና ከልጆቻችን ጋር



አምና ለእንቁጣጣሽ ሳሙና ስንሠራ በውኃ የበጠበጥነውን ኮስቲክ ሶዳ ወለል ላይ ትተነው ነበር። ከእኛ የአንዷ ልጅ፣ የ5 ዓመት ሕፃን፣ ውኃ መስሏት እጇን ነከረችበት። ወዲያው በሚወርድ ውኃ ብዙ አጥበን ሐኪም ቤት ወሰድናት። ጣቶቿ ድነዋል፤ ድንጋጤው ግን እኛን እስካሁን አልለቀቀንም።

ስለዚህ ልጆች ባሉበት ኮስቲክ ሶዳ አይከፈትም ብለናል። በሶዳ የሚሠራው ሳሙና ለአገልግሎት እስኪደርስ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ስለሚፈልግ፣ ዘንድሮ ልጆች በሌሉበት በሐምሌ ሠርተን መደርደሪያ ላይ ደርድረነዋል።

ከልጆቹ ጋር የምንሠራው ከሱቅ በገዛነው ነጭ ሳሙና ነው። በካሮት መፈቅፈቂያ ይፈቀፈቃል፤ ጥቂት ውኃ ጠብ ተደርጎበት፣ የፈላ ውኃ ላይ በተቀመጠ ጎድጓዳ ሳህን ይለሰልሳል። ማሞቁ የእናት ሥራ ነው። ለብ ብሎ እንደ ሊጥ ሲሆን ልጆቹ ይረከቡናል። ቁንጥር እርድ የአደይ አበባን ቢጫ ያወጣል፤ ሲበዛ ግን ፎጣ ያበላሻል፣ አይተነዋል። በብስኩት ቅርጽ ማውጫ ወይም በእጅ አበባ አድርገው ወንፊት ላይ ለቀናት ያደርቁታል።

ሒሳቡን ስንደምር ይህኛው ለሽያጭ አያዋጣም፤ ሳሙናውን ራሱን በችርቻሮ ገዝተነዋል። ልጆቹ እንደ አበባ ሥዕላቸው ለጎረቤት ያዙሩት። የምንሸጠው የሐምሌውን ነው። ደጋፊዎቻችን በላካችሁት ገንዘብ ጓንትና የዓይን መከላከያ መነጽር ገዝተናል፤ ደረሰኙ ከመዝገቡ ጋር አለ።

ቅዳሜ የምትመጡ ወንፊትና አሮጌ ፎጣ ያዙ።