አዲስ ምጣድ

ዛሬ ስለ ሸክላ ምጣድ እናውራ።

አዲስ ምጣድ ከገበያ እንደመጣ እንጀራ አይጋገርበትም። መጀመሪያ ይሟሻል። ይጣዳል፤ ሲግል የተወቀጠ ጎመን ዘር ይነሰነስበታል፤ በማሰሻ ይታሻል። ደግሞ ይነሰነሳል፤ ደግሞ ይታሻል። ጭሱ ዓይን ያቃጥላል፤ ግን የሚቸኩል የለም።

እንዲያም ሆኖ የመጀመሪያው እንጀራ ይይዛል። ጠርዙ ይቀደዳል፤ ዓይን አያወጣም። ባለሙያዋ ታዲያ ምጣዱን አትጥልም። «ገና አልለመደም» ትላለች። እንደገና ታስሳለች።

ሰውም እንዲሁ ነው። እናንተ መሥሪያ ቤት አዲስ የተቀጠረ ልጅ አለ? ገና ሥራ ሳይለምድ «ይሄ አይረባም» ያላችሁት? እስቲ ማን አሟሸው? አጠገቡ ቁጭ ብሎ ሥራውን ያሳየው አለ? ዛሬ ሻይ ሰዓት ላይ ጠይቁት።