ልጅን ለቅዳሜና እሁድ ወደ አደን ይዞ ስለ መሄድ

(በአልዌሮ ግድብ አካባቢ ነዋሪዎች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)





ባለፈው ስብሰባ አንድ አባት ተነሥተው፣ «እኔን አባቴ አደን ይዞኝ እየወጣ ነው ሰው ያደረገኝ። ልጄ አሥራ ሁለት ዓመት ሞላው። ቅዳሜና እሁድ ትምህርት የለም። ከግድቡ ማዶ ይዤው ብወጣ ምን አለበት?» ሲሉ ጠየቁ። ከፊሉ ሰው ሳቀ፣ ከፊሉ አጨበጨበ። ጥያቄው ግን የብዙዎቻችን ጥያቄ ነውና ተገቢውን መልስ ማግኘት አለበት ብለን አመንን።

አደን በአገራችን ነውር ሆኖ አያውቅም። በደጋው አንበሳ ወይም ጎሽ የገደለ ይፎከርለት፣ ይዘፈንለት ነበር። በእኛ በቆላው ደግሞ ከክብሩ በላይ የጉሮሮ ጉዳይ ነበር፤ የተገኘው ሥጋ ለጎረቤት ሳይደርስ አይበላም። በ1977 ዓ.ም. በሠፈራ ከወሎ፣ ከትግራይና ከከምባታ የመጡ ወገኖቻችንም ከነባሩ ሕዝብ ጋር ቀስ በቀስ ተላምደው ዱሩን አወቁት። ስለዚህ አባትየውን «ኋላ ቀር» ብለን የምንዘልፍበት ምክንያት የለም። የፈለጉት ልጃቸው ትዕግሥትን፣ ድፍረትንና አገሩን እንዲያውቅ ነው። ይህ መልካም ነው። የምንነጋገረው ስለ መንገዱ ነው።

በመጀመሪያ ሕጉን እንይ። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 ያለ ፈቃድ ማደንን ከልክሏል። የጋምቤላ ብሔራዊ ፓርክ የተቋቋመው በ1966 ዓ.ም. ነው፤ ስፋቱም ከ4,500 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በፓርክ ውስጥ ደግሞ አደን ጨርሶ አይፈቀድም። «ከግድቡ ማዶ» ስንል የማን መሬት ላይ እንደ ቆምን ማወቅ ይኖርብናል ማለት ነው። ልጅ ይዞ ሕግ መጣስ ሁለት ጥፋት ነው፤ አንዱ እንስሳውን መግደል፣ ሌላው ልጁን «ዘበኛ ሲመጣ ተደበቅ» ብሎ ማስተማር።

ሁለተኛው የእንስሳቱ ጉዳይ ነው። ብዙዎቻችን ቀንዳም የዱር እንስሳ ሁሉ «አጋዘን» ይመስለናል። ፈረንጆቹ የሚያድኑት ባለ ቅርንጫፍ ቀንዱ እንስሳ ግን በኢትዮጵያ የለም፤ ከአፍሪካም በተፈጥሮ የሚገኘው በአልጄሪያና በቱኒዚያ ብቻ ነው። የእኛ ሀብት ነጭ ጆሮ ቆርኬ ነው። ወንዱ ሲጎለምስ ወደ ጥቁርነት ይለወጣል፤ ጆሮው ነጭ ነው። ሴቷ ቀላ ያለች ናት፤ በአንድ ጊዜም የምትወልደው አንድ ግልገል ብቻ ነው። ይህ እንስሳ ሣርና ውሃ እየተከተለ ከደቡብ ሱዳን ወደ እኛ፣ ከእኛም ወደዚያ ድንበር ሳይጠይቅ ይመላለሳል።

«ታዲያ ሚሊዮን አይደለም ወይ? አንድ ብንገድል ምን ይጎድላል?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ በ2016 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የደቡብ ሱዳን የአየር ላይ ቆጠራ ቆርኬውን ብቻ 5 ሚሊዮን ገደማ አድርሶታል። ነገር ግን ያው ቆጠራ ይፋ ሲሆን፣ ለገበያ የሚደረገው አደን መንጋውን እንደሚያሠጋ አብሮ ተነግሯል። ብዛት ዋስትና አይሆንም። የአሜሪካ ጎሽ በአሥር ሚሊዮኖች ይቆጠር ነበር፤ አንድ መቶ ዓመት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ጥቂት መቶዎች ብቻ ቀሩት። ሩቅ ሳንሄድ፣ የስዋይን ቆርኬ ዛሬ በሰንቀሌና በጥቂት ሌሎች ቦታዎች ተወስኖ ቀርቷል። ቀድሞ በጦርና በእግር ነበር የሚታደነው፤ ዛሬ በክላሽንኮቭና በሞተር ብስክሌት ነው። የአባቶቻችን አደን ከዛሬው ጋር አይመዛዘንም።

ሦስተኛውና ዋናው ልጁ ነው። በአሜሪካ ቨርሞንት በሚባለው ግዛት ለልጆች የተለየ የአጋዘን አደን ቅዳሜና እሁድ አለ። ነገር ግን ልጁ አስቀድሞ የአደን ትምህርት ጨርሶ ፈቃድ ማውጣት አለበት፤ አብሮት የሚሄደው ትልቅ ሰውም ጠመንጃ አይዝም። ዓይኑ ልጁ ላይ ብቻ እንዲሆን ነው። በእኛ ዘንድ ይህ ሥርዓት የለም። ጠመንጃው ለልጅ ትከሻ ከባድ ነው፤ ቁጥቋጦው ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ከማዶ ማገዶ የምትለቅም እናት ወይም ከብት የሚጠብቅ ሌላ ልጅ ሊኖር ይችላል። ጥይት ከወጣ በኋላ አይጠራም። ብዙ ግጭት ባየ አካባቢ ደግሞ ልጅን ከጠመንጃ ጋር ማላመድ ለነገ ምን እንደሚያተርፍልን ሁላችንም እናውቃለን።

ታዲያ ልጁ እቤት ይቀመጥ? በፍጹም! ይዛችሁት ውጡ ነው የምንለው።

ቅዳሜ ከንጋቱ በፊት ተነሡ። ዱካ አስተምሩት፤ የከርከሮው፣ የሚዳቋውና የድኩላው ዱካ በምን እንደሚለይ፣ ትኩሱ ከትናንቱ በምን እንደሚታወቅ አሳዩት። ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ በአፈር ብናኝ ይሞክር። ሳይናገር፣ ሳያስል አንድ ሰዓት ይቀመጥ። እውነተኛው የአዳኝ ትዕግሥት ይኸው ነው፤ ጠመንጃው ከዚያ በኋላ የመጣ ነው። ያየውን በደብተሩ ይጻፍ፣ ይቁጠር።

ከሰዓት በኋላ ወደ ግድቡ ውረዱ። ይህ ግድብ በደርግ ዘመን በሶቪየት ኅብረት እርዳታ ሲሠራ 10,000 ሄክታር ገደማ እንዲያለማ ታስቦ ነበር፤ ለብዙ ዓመታት ግን ያለ ሥራ ቆይቷል። የሠፈራችሁን ታሪክ ልጃችሁ ከእናንተ ይስማ። መንጠቆ ስጡት፤ ቆሮሶም አምባዛም ይሞክር። ትንሹን ዓሣ ወደ ውሃው ይመልስ፤ ሲያድግ እንደሚጠቅመው ይማር። ያጠመደውን እናቱ ፊት ሲያቀርብ ደስታው ከአደን አያንስም።

ጥንቃቄ ግን አይለያችሁ። አዞ ስላለ ከውሃው ዳር ራቁ፤ ልጅ ብቻውን እግሩን ውሃ ውስጥ አያግባ። ማደር ካለባችሁ አጎበር ያዙ፤ ወባው አይምርም። እሁድ ሳይመሽ ተመለሱ፤ ሰኞ ትምህርት ነው።

በመጨረሻ ማኅበራችን ሦስት ነገር ያሳስባል። አንደኛ፣ ጠመንጃ ያለው ሰው ጥይቱን ለይቶ ልጅ የማይደርስበት ቦታ ያስቀምጥ። ሁለተኛ፣ የዱር ሥጋ ለሽያጭ ሲመጣ አንግዛ፤ ገዢ ከሌለ አዳኝ አይኖርም። ሦስተኛ፣ ዱካ የሚያውቁ ሽማግሌዎቻችን ስማቸውን ለማኅበሩ ያስመዝግቡ፤ አባት የሌላቸውን ልጆች ጭምር በቡድን ይዘው እንዲወጡ እንፈልጋለን። ይህ እውቀት በእነሱ ጭንቅላት ብቻ ነው ያለው፤ እነሱ ሲያልፉ አብሮ ይቀበራል። ነገሩ ሳይቃጠል በቅጠል ነው።