ዊምፒ ሲነሳ



በፈረንጆች 1990ዎቹ መጀመሪያ ናይሮቢ ላደግን የስደተኛ ልጆች ዊምፒ የስንብት ቤት ነበር። አንዱ ኬንያታ አቬኑ፣ ሌላው ቶም ምቦያ ጎዳና። ስሙ የመጣው ከፖፓይ ካርቱን ሃምበርገር ወዳድ ሰውዬ መሆኑን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ያኔ የማውቀው፣ ለአንድ ቤተሰብ የካናዳ ወይም የአሜሪካ ወረቀት ሲመጣለት አባቶች አዋጥተው ልጆቹን እዚያ እንደሚጋብዙ ነበር። እኛ እንበላለን፤ ትልልቆቹ ሻያቸው እየቀዘቀዘ ያለቅሳሉ።

የጎረቤታችን ልጅ ሲሸኝ ቀኑ ረቡዕ ዋለ። እማዬ ለእኔ ድንች ጥብስ ብቻ አዘዘች። ልጁ ግማሽ ሃምበርገሩን በወረቀት ጠቅልሎ ኪሴ ከተተልኝ። ከዚያ ወዲህ አላየሁትም፤ ዊምፒዎቹም ከናይሮቢ ጠፍተዋል።

ሃምበርገሩን ተደብቄ በላሁት። እማዬ እዚህ ተቀምጣለች፤ ዛሬ መስማቷ ነው።