ውርስና ኑዛዜ፦ በሕይወት ሳለን የሚሠራ ሥራ

 

ስለ ሞት ሲነሳ ብዙዎቻችን ወሬውን ወደ ሌላ እናዞራለን። ውርስን በአባት ፊት ማንሳትማ «ሞቴን ተመኘልኝ» ያሰኛል። ስለዚህ ዝም እንላለን። ዝም ያልነው ነገር ግን ለተዕዚያ የተቀመጠው ሰው ሳይበተን ይነሳል።

ለሽምግልና ከተጠራሁባቸው ጉዳዮች አንዱን ላውጋችሁ። አባት ሱቅ ነበራቸው። የበኩር ልጃቸው ትምህርቱን አቋርጦ 14 ዓመት አብሯቸው ሠራ። ደመወዝ አልነበረውም፤ ሲያገባ ወጪውን የቻሉት አባቱ ናቸው። አባት ሲያርፉ ልጁ «ሱቁን ያቆምኩት እኔ ነኝ፤ ግማሹ የእኔ ነው» አለ። ወንድሞቹና እህቶቹ ደግሞ «ስትበላ ስትጠጣ የኖርከው ከአባታችን ነው፤ አንተም እንደኛው ወራሽ ነህ» አሉ። ሽማግሌዎቹ ሁለቱንም ስንሰማ ሁለቱም እውነት ያላቸው መሰለን። ልጁ ሸሪክ ነበር፣ ተቀጣሪ ነበር፣ ወይስ አባቱን የሚረዳ ልጅ? ይህን በእርግጥ የሚያውቁት አንድ ሰው ነበሩ፤ እሳቸውም ከአፈር በታች ናቸው። ነገሩ ሦስት ዓመት ፈጀ። እናትየው በእነዚያ ዓመታት አንድም ዒድ ልጆቻቸውን በአንድ ማዕድ አላዩም። አባት በሕይወታቸው በሁለት ምስክር ፊት «ልጄ ከሱቁ ይህን ያህል ድርሻ አለው» ወይም «የለውም» ብለው ቢያጽፉ ኖሮ የሚፈጀው አንድ ወረቀት ነበር።

እንግዲህ ከክፍፍሉ በፊት የሚመጣው ጥያቄ የሟቹ ሀብት የትኛው ነው የሚለው ነው። የቤቱ ካርታ በባል ስም ወጥቶ ገንዘቡ የሚስት ሊሆን ይችላል። የቀበሌ ቤት ኪራይ ነው እንጂ የሟች ንብረት አይደለም። የሰው አደራ፣ ቀድሞ ወጥቶ መዋጮው ያላለቀ እቁብ፣ ለሚስት ያልተሰጠ መህር ሁሉ ዕዳ ነው። መህር ዕዳ መሆኑን የሚዘነጋው ሰው ብዛት ዘወትር ይገርመኛል።

በሸሪዓችን ቅደም ተከተሉ የታወቀ ነው። መጀመሪያ የጀናዛ ወጪ፣ ከዚያ ዕዳ፣ ከዚያ ኑዛዜ (ወሲያ)፣ በመጨረሻ የወራሾች ድርሻ። ኑዛዜው ከቀሪው ከሲሶ አይበልጥም፤ ሌሎቹ ወራሾች ካልፈቀዱም ለወራሽ አይደረግም። አንድ ምሳሌ እንይ። ሟቹ ሚስት፣ እናት፣ ሁለት ወንድና አንዲት ሴት ልጅ ትተዋል እንበል። ሀብታቸው 1,800,000 ብር ነው። ለቀብር 50,000፣ ለዱቤና ላልተከፈለ መህር 350,000፣ ለኑዛዜ 200,000 ሲወጣ 1,200,000 ይቀራል። ሚስት አንድ ስምንተኛ ማለት 150,000፣ እናት አንድ ስድስተኛ ማለት 200,000 ይወስዳሉ። ከቀሪው 850,000 ላይ እያንዳንዱ ወንድ ልጅ 340,000፣ ሴቷ 170,000 ትወስዳለች። ይህቺ ሴት ልጅ ድርሻዋን ስትጠይቅ «ወንድሞችሽን ልታስቀይሚ ነው?» የሚሏት ዘመዶች አሉ። ድርሻውን ያዘዘላት አላህ ነው፤ ወንድሞቿ የሚቸሯት ስጦታ አይደለም።

አባታቸው ከአያታቸው ቀድሞ የሞተባቸው ልጆች ጉዳይ ከሁሉ ያሳዝናል። አያት ሲሞት በሕይወት ያሉ አጎቶች ካሉ፣ በፈራኢድ ሕግ የልጅ ልጆቹ አይወርሱም። አያት ግን ባዶ እጃቸውን ላያስቀራቸው ይችላል፤ ወራሽ ስላልሆኑ ከሲሶው ሊናዘዝላቸው ይፈቀዳል። አሳድገነው በደም የማይወርሰን ልጅም እንዲሁ ነው። እንደ ወሎ ባለ አገር ደግሞ እናቱ ወይም እህቱ ክርስቲያን የሆነች ሙስሊም ብዙ ነው። ሃይማኖት የተለያየ ሰው እንደማይወራረስ አብዛኞቹ ዑለማዎች ይናገራሉ፤ ኑዛዜ ግን ይቻላል። ይህን ሳያውቁ እናታቸውን የሰው እጅ ጠባቂ አድርገው የሞቱ ሰዎች ያሳዝኑኛል።

በአገራችን ሁለት መንገድ እንዳለም እንወቅ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ወንድና ሴት ልጅን እኩል ያወርሳል፤ የሞተውን ልጅ ልጆች በአባታቸው ቦታ ይተካል፤ ሚስትን ግን ከጋራ ሀብት ግማሿን ትወስዳለች እንጂ ያለ ኑዛዜ ወራሽ አያደርጋትም። በ1992 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 188 የተጠናከሩት የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ደግሞ የውርስና የኑዛዜን ጉዳይ የሚያዩት ተከራካሪዎቹ ሲስማሙ ነው። አንዱ ወራሽ እምቢ ካለ ጉዳዩ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ይሄዳል። ቤተሰብ በየትኛው እንደሚዳኝ አባትና እናት ሳሉ ቢመክርበት መልካም ነው።

ኑዛዜውን ስትጽፉ ፎርሙን አትናቁ። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ይነበባል፤ መነበቡም በጽሑፉ ላይ ይገለጻል፤ ሁሉም ወዲያው ይፈርሙበታል። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ይበቃሉ። ባልና ሚስት በአንድ ወረቀት ላይ ከተናዘዙ ፈራሽ ነው፤ ለየብቻ ይጻፉ። በገዛ እጅ የተጻፈም ይጸናል፤ ነገር ግን በሰባት ዓመት ውስጥ ውል አዋዋይ ወይም ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ይሽራል። ወረቀቱ ያለበትን ቦታ ቢያንስ ሁለት ሰው ይወቀው፤ አንዱ ከቤት፣ አንዱ ከውጭ።